የጤፍ ገበሬውና አርባው እንሰት

አንድ የጤፍ ገበሬ ነበረ።

ብርነሽ፣ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። «አሥራ ሦስት ዓመት በጄ ያሳደግኋት ልጅ ፍራሿን ዕቃ ቤት አስገብታ በር ዘጋችብኝ። አብራኝ አትበላም፤ ሳናግራት ፊቷን ታዞራለች። ልጄ ታመመች ወይስ ጠፋች?» ነው ያልሽኝ። ትናንት የበሩን መቀርቀሪያ ነቅለሽ እንደ ጣልሽም ነግረሽኛል። ቁጭ በይ። መልሱ ያለው ከዚህ ገበሬ ዘንድ ነው።

ገበሬው የሚቆጥር ሰው ነበረ። ከደጁ እስከ ምንጩ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት እርምጃ መሆኑን ያውቃል። በእርሻው ላይ ያለውን ነገር ሁሉ ደግሞ በሁለት ብቻ ይከፍለው ነበር። ሥሩ አፈር ውስጥ ያለ በሕይወት አለ፤ ሥሩ ከአፈር የወጣ ሞቷል። በጤፍ አገር ይህ ስሌት አንድ ቀን እንኳ ስቶት አያውቅም።

ይህ ሰው ከእንሰት አገር ሚስት አገባና እዚያው ሄዶ ጎጆ ቀለሰ። በዚያ አገር ጓሮው እንሰት የሌለው ሰው ቤት አለው አይባልም። ሰርግ ሲጠራ ከበሩ አጠገብ ያስቀምጡታል፤ ክፉ ዓመት ሲመጣ ደግሞ ቤተሰቡ የሰው እጅ ያያል። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። የሚስቱ አባት አርባ የእንሰት ችግኝ ቆጥረው ሰጡትና «እነዚህ ሲደርሱ ልጅህ ስድስት ዓመት ይሆነዋል። ያኔ ከራስህ ጓሮ ቆጮ ታበላዋለህ» አሉት።

ገበሬው አርባውን በአንድ አንድ ክንድ ርቀት ተከላቸው። አርባውም ጸደቁ። በየማለዳው እየወጣ ቅጠላቸውን ይቆጥር ጀመር። መቶ ሲሞሉ ሚስቱን ጠርቶ አሳያት። ሁለት መቶ ሲሞሉ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ አሳየ።

ዓመት ሲሞላ የሚስቱ አባት መጡ፤ ዙሪያውን አዩና «በል ንቀላቸው» አሉት።

«ምን አሉኝ?»

«ንቀላቸው። ሥራቸውን ከርክም፤ ቅጠላቸውን ቆርጠህ ከወዲያ ማዶ በሁለት እርምጃ እያራራቅህ ትከል። ከርሞ ደግሞ ትነቅልና በአራት እርምጃ ትተክላለህ።»

«አባቴ፣ እንዲህ ለምልመው! ምን አጠፉ?»

«ምንም አላጠፉም። አደጉ፤ መደቡ ጠበባቸው።»

ገበሬው ነቀለ። ልጁን የቀበረ ያህል እየከበደው ነቅሎ ተከለ። በሰባተኛው ቀን የተረፈው ቅጠል ተንጠለጠለ። በዘጠነኛው ቢጫ ሆነ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሲቆጥር ከአርባው ላይ ቀና ያለ ቅጠል አንድም አጣ። አርባ ጉቶ ብቻ ተገትሮ ያየዋል። ጎረቤቶቹ በአጥሩ ማዶ ሲያልፉ «እንዴት ናቸው?» ይሉታል፤ እርሱ ሽሙጥ ይመስለዋል። ከቤት ውስጥ ደግሞ የሕፃኑ ልቅሶ ይሰማዋል። ይህ ልጅ ስድስት ዓመት ሲሞላው ምን ሊበላ ነው?

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዶማውን አነሣ። አንዱን ነቅሎ ወደ ድሮው መደብ ወሰደና በድሮው ጉድጓዱ መለሰው። እዚያ ተመችቶት አልነበረም? ሁለተኛውን ወሰደ። ሦስተኛውን ወሰደ። ሃያኛውን ሲተክል ሚስቱ ሕፃኑን አዝላ ደረሰች።

«አንተ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«እየመለስኋቸው ነው። እዚህ ነው የሚስማማቸው። ሃያ ቀርቶኛል።»

እርሷም ሄደች፤ በቀሩት ሃያ መካከል ቆመች። «እነዚህን ከመንካትህ በፊት እኔን ንቀል» አለችው።

«አንቺ ሴት፣ ሞተዋል እኮ!»

«ማን ነገረህ?»

«ቆጠርኋ! አንድ ቅጠል የላቸውም!»

«አንተ የቆጠርኸው ከላይ ነው። ከታች ያለውን መች አየህ?» አለችው። ከዚያም ድምጿ ዝቅ አለ። «እኔ ካባቴ ቤት ወጥቼ ካንተ ጋር ስገባ አንድ ወር ሙሉ፣ አንተ እርሻ ስትወርድ፣ አለቅስ ነበር። አባቴ ያውቃል። ታዲያ መጥቶ ወሰደኝ?»

ገበሬው ሁሉን ነገር ሲቆጥር ኖሮ ይህን አልቆጠረውም ነበር። ዶማውን መሬት ላይ አኖረው። ሃያዎቹ እንዲህ ተረፉ።

አሁን ስሚኝ! በሃያ ሦስተኛው ቀን ማለዳ ገበሬው እንደ ልማዱ ወጣ። ከአንዱ ጉቶ መሐል ጣት የሚያህል ነገር ብቅ ብሎ አየ። እንደ ሰሌን ጥብቅ ብሎ ተጠቅልሏል፤ ገና አረንጓዴነቱ እንኳ አልጠናም። ዳሰሰው። ትናንት አልነበረም! ወደ ሁለተኛው ሮጠ፤ አለ። ወደ ሦስተኛው ሮጠ፤ አለ። «አራት! አምስት! ስድስት!» ይላል። አሥር ላይ ሲደርስ ይጮኽ ነበር። ጎረቤቶቹ እሳት የተነሣ መስሏቸው ውኃ በእንስራ ይዘው መጡ፤ ቢያዩ ሰውየው ጭቃ ላይ ተንበርክኮ ጉቶ ያቅፋል። «አሥራ ዘጠኝ! አሥራ ዘጠኝ!»

የሚስቱ አባትም ከሰዎቹ ጋር መጥተው ነበርና እየሳቁ «አንተ የጤፍ አገር ሰው፣ ጤፍ ሲበቅልም እንዲህ ትጮኽ ነበር?» አሉት።

«አባቴ፣ ሞተው ተነሡ!»

«አልሞቱም። ሥር እየሰደዱ ነበር። ሥሩንም ቅጠሉንም ባንድ ጊዜ አይችሉትም።»

እውነቱን ልንገርሽ፣ ወደ ድሮው መደብ የተመለሱትም አልሞቱም። እንዲያውም ቀድመው ለመለሙ። ተጠጋግተው ስለ ነበር ፀሐይ ፍለጋ እርስ በርስ እየተጋፉ ወደ ላይ ተመዘዙ፤ ቁመት እንጂ ወገብ አላወጡም። በአራተኛው ዓመት አበቡ። ገበሬው ደስታው ቅጥ አጣና «አባቴ፣ ይምጡ! እነዚህ ቀደሙ!» ብሎ ሰው ላከባቸው። ሽማግሌው መጥተው አዩና «ቆፍረህ አውጣቸው» አሉት። እንሰት የሚያብበው አንድ ጊዜ ነው፤ ካበበ ደግሞ ዕድሜው አለቀ። የእነዚያ የተመለሱት ሃያ ሥር ተቆፍሮ ሲወጣ አንድ ቅርጫት አልሞላም።

አሥራ ዘጠኙን ግን ገበሬው በዓመቱ ለሁለተኛ ጊዜ ነቅሏቸው ነበር፤ አሁን በገዛ ፈቃዱ፣ በአራት እርምጃ። ቅጠላቸው እንደ ገና ረገፈ። ጎረቤት «እንዴት ናቸው?» ሲለው «ሥር እየሰደዱ ነው» ይላል፤ ቅጠል መቁጠሩን ትቶ ቀን ይቆጥር ነበር። ልጁ ስድስት ዓመት ሲሞላው አባትየው ከአሥራ ዘጠኙ አንዱን ቢያቅፈው እጆቹ ከኋላ አልተገናኙም። ከዚያ ከአንዱ ብቻ የወጣው ቆጮ የተመለሱትን የሃያውን ሁሉ በለጠ። ልጁ ጠገበ። በቀጣዩ ሰርግ አባቱን ከመሐል አስቀመጡት።

ብርነሽ፣ ልጅሽ አልታመመችም፤ አልጠፋችምም። ጎንሽ ጠበባትና ዕድሜዋ ከድሮው መደብ ነቀላት። አንቺ ከላይ ቆጥረሽ ሳቋን አጣሽ፣ ወሬዋን አጣሽ። ከታች «እኔ ማነኝ?» እያለች ሥር እየሰደደች ነው፤ ሁለቱን ባንድ ጊዜ አትችለውም። ለነገሩ መነቀሉ የመጀመሪያዋ እኮ አይደለም። ጡት ስታስጥያት ስንት ቀን አለቀሰች? ሁለት ዓመት ሲሆናት ልብስ ስታለብሻት «እምቢ»፣ ስታወልቂላት «እምቢ» እያለች አላሳበደችሽም? ያኔ ማን መልሶ ጡት ሰጣት?

እኔ የራሴን ቆጥሬአለሁ። ሰባ አራት ዓመቴ ነው፤ ትዝ ከሚለኝ ጀምሮ አምስት ጊዜ ተነቅያለሁ። በአሥራ አራት ዓመቴ አባቴን ሦስት ወር ሙሉ አላናገርኩትም፤ ምን እንዳስቀየመኝ ዛሬም አላውቅም። በሃያ ስድስቴ የመጀመሪያ ልጄን ሲያሳቅፉኝ እኔ ራሴ ልጅ የሆንኩ መስሎኝ ላብ አጠመቀኝ። በሃምሳ ሁለቴ የመጨረሻው ልጄ ከቤት ሲወጣ፣ በጄ የሠራሁትን ቤት እየዞርኩ «ለማን ነው የሠራሁት?» አልኩ። ሚስቴ የሞተችበትን አልነግርሽም። አምስተኛው አሁን ነው፤ ሥራ ካቆምኩ ስምንት ወር ሆነኝ፤ በየማለዳው ለብሼ እወጣና የምሄድበት ይጠፋኛል። ግን አራቱንም ጊዜ ያ የተጠቀለለ ቅጠል ብቅ ሲል አይቻለሁ! ለዚህ ነው በዚህ ዕድሜዬ እንኳ ማለዳ ማለዳ ልቤ የሚመታው።

ሚስቱ ካስጣለቻቸው ሃያ አንዱ እንዳልበቀለ አልደብቅሽም። ስለዚህ ከሩቅ ጠብቂያት። ራቷን በር ላይ አኑሪላት፤ ሳህኑ ባዶ ሆኖ መመለሱን እዪ። ሥር የምትሰድበትን ስፍራ ግን አትቆፍሪባት።

በይ ተነሺ፤ ሳይመሽ ድረሺ። መቀርቀሪያውን ከጣልሽበት ፈልገሽ መልሰሽ ግጠሚላት። ስትጨርሺ፣ አንኳኪ።