ክር ያልቆረጠው

አንዲት ሴት ወለደች። የመጀመሪያ ልጇ ናት፤ ሴት፣ ጤነኛ፣ ጩኸቷ ሰፈር የሚያሰማ። አማቷ ወይዘሮ በላይነሽ ሕፃኗን ተቀብለው መጠቅለል ጀመሩ፤ ሳይጨርሱ ግን እጃቸው ቆመ። በግራ እጇ፣ ከትንሿ ጣት ጎን፣ ሽንብራ የምታህል ሌላ ጣት ተንጠልጥላለች። ጥፍር ሁሉ አላት።

«በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» አሉ።

ወገኖቼ፣ ይህች አንዲት ንግግር ምን እንደምትሠራ ታውቃላችሁ? በሦስት ቀን ሰፈሩን ዞረች። በአራተኛው ቀን አንዱ ልብስ ሰፊውን አስታወሰ። መንገድ ዳር የሚሰፋው ሰውዬ ስድስት ጣት አለው። ሴትዮዋ ደግሞ የእርግዝና ቀሚሷን ያሰፋችው እሱ ጋ ነው። በቃ፣ ፍርድ ተሰጠ! እኔም ይህን የለበስኩትን ሱሪ ያሰፋሁት እሱ ጋ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማንም አልጠረጠረኝም።

ባሏ ደግፌ አልጮኸም፣ አልተማታም። ዝም አለ። ዝም የሚል ባል ምን ያህል እንደሚከብድ የምታውቁ እህቶች እዚህ አላችሁ። በመጨረሻ የተናገረው ይህን ብቻ ነው፦ ልጅቷ የአርባ አምስት ቀን ክትባቷን ትከተብ፤ ከዚያ ከነልጅሽ አባትሽ ቤት ትሄጃለሽ።

ቀኑ ደረሰና ጤና ጣቢያ ሄዱ። እሷ ልጇን ታቅፋ፣ እሱ ሻንጣዋን ይዞ። ከክትባቱ በቀጥታ ወደ መናኸሪያ ነው። መንገዱን ሙሉ ከአንተ በቀር ሰው አላውቅም ትለዋለች። እሱ ሻንጣውን ከእጅ ወደ እጅ ይቀያይራል።

የምትከትበው ነርስ ሲስተር አመለወርቅ የሕፃኗን ጣት አየች፤ ምንም አልደነቃትም። ከቤተሰቡ ማን እንዲህ ያለ ጣት እንዳለው ጠየቀች። ደግፌ ከእኛ ወገን የለም አለ፤ ቶሎ ብሎ፣ እንደ ተጠና መልስ። ሲስተር የክትባት ካርዱን ስትሰጠው ግን ዓይኗ እጁ ላይ አረፈ። እጁን ያዘችና ከትንሿ ጣቱ ጎን ያለችውን ጉብታ አሳየችው።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ኪንታሮት ናት። ከልጅነቴ ጀምሮ አለች።»

«አንተ ሰውዬ፣ ይቺ ኪንታሮት አይደለችም» አለችና ሳቀች። «ጣትህ የነበረችበት ቦታ ናት።»

አስቀምጣ አስረዳችው። እኔም እንደገባኝ ልንገራችሁ፤ የተማራችሁ ልጆች ብሳሳት ይቅር በሉኝ። እያንዳንዳችን ስንፀነስ ከእናታችን ሃያ ሦስት፣ ከአባታችን ሃያ ሦስት ጥቅልሎች እንቀበላለን፤ ክሮሞዞም ይሏቸዋል። በእነሱ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ዲ ኤን ኤ ነው። የአፍንጫችን ቅርጽ፣ የቁመታችን ነገር፣ የጣታችን ቁጥር ሳይቀር እዚያ ተጽፏል። ለትርፍ ጣት ደግሞ ብዙ ጊዜ የአንዱ ወላጅ ጽሑፍ ብቻ ይበቃል። ታዲያ እንዲህ ያለ ሕፃን ሲወለድ፣ ትርፏን ጣት በክር ጠበቅ አድርገው የሚያስሩ አሉ። ጣቷ ደርቃ ትወድቃለች። ትንሽ ጉብታ ትቀራለች።

«ክሩ የቆረጠው ሥጋውን ነው» አለችው ሲስተር። «ጽሑፉን አልነካውም። ይኸው አንተም ሳታውቀው ለልጅህ ሰጠሃት።»

መናኸሪያ የሄደ የለም።

ደግፌ ሻንጣውን እንደያዘ ቤት ገባና እጁን እናቱ ፊት ዘረጋ። ይቺን ማን አሰራት ብሎ ጠየቀ። ወይዘሮ በላይነሽ ጉብታዋን በጣታቸው ዳሰሷት። ያሰሩት እሳቸው ነበሩ። አንተ ክርስትና ሳትነሳ ጣቷ ወደቀች፤ ካወሯት ትመለሳለች ስለተባለ እኔና አባትህ ላናነሳት ተማማልን፤ የወደቀ ነገር ከዘር አይቆጠርም ብዬ ነው አሉ። ይህን ሲሉ ባላቸው አቶ ሽብሩ፣ ያን ሁሉ ቀን ቃል ያልተነፈሱት አዛውንት፣ ከጥግ ሆነው ቀስ ብለው ግራ እጃቸውን ከጋቢያቸው አወጡ። እሳቸውም ላይ ጉብታ አለች!

ሦስት ትውልድ በአንድ ክፍል! የወላዷ ምስክር የት ነበር? በገዛ ከሳሾቿ እጅ ላይ ነበር።

ወይዘሮ በላይነሽ ምራታቸው እግር ላይ ሊወድቁ ሲሉ እሷ ያዘቻቸው። «ተዉ እማዬ፤ ይልቅ ልጅዎን ይቀበሉኝ፣ እጄ ዝሏል።»

ያኔ እልልታው ቀለጠ። ልብስ ሰፊው ሳይቀር የስፌት መኪናውን አቁሞ ምን ተገኘ ብሎ መጣ። ምስኪን፣ ሲታማ መክረሙን እንኳ አያውቅም።

እስቲ ልጠይቃችሁ። እናንተስ ምን ተብላችኋል? «አንቺን ብሎ የእግዚአብሔር ልጅ» ያላችሁ የለም? አንዱን በሽታ አስሮት ይሆናል። አንዱን የገዛ ጥፋቱ። ሰው አይቶ፣ ከዚህ ቤት አይደለም ብሎ ፈርዶ ይሆናል። ግን አባታችሁ የጻፈውን ማን ደረሰበት? ማን? መልኩን በውስጣችሁ ሲጽፍ፣ ክር በማይደርስበት ቦታ ጻፈው! ወድቃችሁ ይሆናል፤ ጽሑፉ አልወደቀም። ቀና በሉ፤ የዚህ ቤት ወራሾች ናችሁ!

ደግሞ «በእኛ ዘር የለም» ማለት የምንወድ እዚህ ብዙ ነን። ዞር ዞር አትበሉ፤ እኔንም ጨምሬ ነው የምናገረው። በዚህች ቃል ከቤት ያስወጣችሁት ሰው ካለ፣ ዛሬ ከዚህ በቀጥታ ሄዳችሁ አምጡት። ምሳው ይቆያችኋል። አባቱ ልጄ ያለውን ከበር የሚመልስ የለም፤ ማንም የለም!