ከፋይ የለበሰው ኮምፒውተር

የሰማሁት ከሁለት ሰዎች አፍ ስለሆነ አንዳንዱን ተሳስቼ ይሆናል፤ ነገሩ የሆነው ድሬዳዋ መሆኑን ግን እርግጠኛ ነኝ። አሥራ አራት አያቶቻቸውን ሳይሳሳቱ በመቁጠር የሚኮሩት ባለሕንፃው አቶ አሰግደው፣ የቤታቸው ኮምፒውተር ሳይታሰብ ድርግም እያለ ስላስቸገራቸው ሱቅ ያከራዩአትን ኮምፒውተር ጠጋኝ አስጠሩ። ስትገባ ኮምፒውተሩ እየሠራ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ወርቃማ ዘርፍ ያለው ከፋይ ለብሷል።

«ጋሼ፣ ሚሞሪው ሲግል የያዘውን ይረሳል፤ ሲረሳ ይጠፋል። ልብሱን ያውልቁለት» አለቻቸው።

«በእኔ ቤት የተከበረ ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም! ዐዋቂ ከሆንሽ ነገ በስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ እንደሚጠፋ ንገሪኝ። አለዚያ ዛሬውኑ ሱቄን ትለቂያለሽ!»

ጠጋኟ ከፋዩን ገፈፈችና ትከሻቸው ላይ ደረበችላቸው።

«እሺ ጋሼ። ነገ ይህን ተከናንበው ቀትር ፀሐይ ላይ ይቀመጡና አያቶችዎን ይቁጠሩ። ስንተኛው አያት ላይ እንደሚሳሳቱ ዛሬ ከነገሩኝ፣ እኔም ደቂቃውን እነግርዎታለሁ።»

ቃል በቃል እንዲህ ማለቷን አልምልም። ኋላ ሄጄ በዓይኔ ያረጋገጥኩት ግን፣ ሱቋ ዛሬም ክፍት ነው፤ ከፋዩም አሁን የአቶ አሰግደው ፍሪጅ ላይ ነው።