ከማንጎው ሥር የነበረው ኮረሪማ

አንድ ሰው በወንዝ ዳር ሰፊ የማንጎ አትክልት ቦታ ነበረው። ስሙ አጥናፌ ይባላል። ዛፎቹን በወጣትነቱ በገዛ እጁ ተክሏቸው አብረውት ጎለመሱ። በዛፎቹ መካከል ያለው መሬት ግን ባዶ ነበር። ጥላው ስለሚከብድ በቆሎም ቦሎቄም አይበቅልበትም። አጥናፌ ሣሩን እያሳጨደ፣ የረገፈውን ቅጠል እያስጠረገ ንጹሕ አድርጎ ይይዘዋል። በዚያ የሚያልፉ ሰዎች የአጥናፌ አትክልት ሥሩ እንደ ግቢ የተጠረገ ነው ይሉ ነበር። እሱም ይህን መስማት ይወድ ነበር።

ከእሱ ብዙም ሳይርቅ አስካለ የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ከሩቅ፣ ደን ከበዛበት አገር ተድራ የመጣች ናት። ባሏ ሲሞት መሬቱን ወንድሞቹ ወሰዱትና ለእሷ ጎጆዋና በጓሮዋ ያሉት ጥቂት የሙዝ ተክሎች ብቻ ቀሩላት። ከተማ የሚኖር አንድ ወንድም አላት። ነይና ከእኛ ጋር ኑሪ እያለ መልእክት ይልክባታል። የሚፈልጋት ልጆቹን እንድታሳድግለትና የቤቱን ሥራ እንድትሠራለት መሆኑን ታውቃለች። የእሷ ምኞት አንድ ብቻ ነበር፤ የማንም ጥገኛ ሳትሆን በገዛ ጎጆዋ ማርጀት።

አንድ ቀን አጥናፌ ዘንድ መጥታ በማንጎዎቹ መካከል ያለውን ቦታ እንዲሰጣት ለመነችው። ከትውልድ አገሯ የኮረሪማ ሥር አስመጥታ ልትተክልበት አስባለች። ኮረሪማ ፀሐይ እንደማይወድ፣ የሚፈልገው ጥላና እርጥብ መሬት እንደሆነ አስረዳችው። የሚገኘውንም እኩል እንካፈላለን አለችው። በዚያ አገር ሰው ኮረሪማን የሚያውቀው ደርቆ ገበያ ላይ ሲሸጥ ነው፤ ተክሉን በዓይኑ ያየ አልነበረም። አጥናፌ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ጠየቃት። ሦስት ዓመት አለችው። ረዘመበት። ሆኖም መሬቱ ባዶ ነው፣ ሴትዮዋም ችግረኛ ናት ብሎ ፈቀደላት።

አስካለ ሥሩን ከፋፍላ በመደዳ ተከለች። የረገፈው ቅጠል የመሬቱን እርጥበት ስለሚጠብቅ እንዳያስጠርገው ለመነችው። በበጋ ከወንዙ በጀሪካን እየተሸከመች አጠጣች። በሁለተኛው ዓመት አገዳው የሰው ትከሻ ደረሰ፣ ቅጠሉም ተንዠረገገ።

ወሬው የተጀመረው ያኔ ነው። አትክልቱን ያደንቁ የነበሩት ሰዎች አሁን ይስቁበት ጀመር። ቢተው የሚባለው ወዳጁማ ባገኘው ቁጥር አይለቀውም።

«አጥናፌ፣ ለጅቦቹ ቤት አከራየህ አሉ» ይለዋል። «የከብት መኖ ከሆነም ንገረንና ላሜን ልላክልህ።»

አጥናፌ አብሮ ይስቃል። ቤቱ ሲገባ ግን ነገሩን ያብሰለስላል።

በሦስተኛው ዓመት ማንጎው ጥቂት ብቻ አፈራ። ማንጎ አንድ ዓመት ካበዛ በሚቀጥለው እንደሚያርፍ አጥናፌ ያውቃል፤ ሃያ ዓመት ሙሉ አይቶታል። ነገር ግን ሰው ሲፈራ የሚያውቀውንም ይረሳል። ይህ ቅጠል የዛፎቼን ጉልበት መጠጠው ብሎ አሰበ። በየጠዋቱ እየወጣ በየአገዳው ጫፍ ፍሬ ይፈልግ ጀመር። ዕድሜውን ሙሉ ፍሬ የለቀመው ወደ ላይ እያየ ነውና ሌላ ቦታ መፈለግ አልመጣለትም። የሚያየው ቅጠል ብቻ ነበር።

አስካለን ሲጠይቃት፣ «ይደርሳል፣ ጋሼ» ትለዋለች። ከዚያ በላይ አትናገርም። በትውልድ አገሯ የመጀመሪያ ፍሬ ሳይበስል ለሰው አያሳዩም፤ ዓይን ይበላዋል ይባላል። ኮረሪማ ደግሞ የሚያፈራው ከአገዳው ጫፍ ላይ ሳይሆን ከግርጌው፣ መሬት ላይ ተለጥፎ ነው። አስካለ አበባውን አይታለች፤ ፍሬው ሲቋጠርም አይታለች። አይታ በደረቅ ቅጠል ሸፈነችው።

ፍሬው መቅላት ሲጀምር አስካለ ወደ ወንድሟ ሄደች። ለብዙ ዓመት ሲጠራት ኖሯልና እንደማትመጣ ፊት ለፊት ልትነግረው ፈለገች። ከመሄዷ በፊት ለአጥናፌ በአራተኛው ቀን እንደምትመለስ፣ ስትመለስም የምታሳየው ነገር እንዳለ ነገረችው። ቢተው ይህን ሲሰማ ሳቀ።

«ጫካዋን አሸክማህ ሄደች በለኛ» አለ። «ይህን ደግሞ ማን ይመነጥርልሃል?»

በማግስቱ አጥናፌ ሁለት ሠራተኞች ቀጠረ። በገጀራ አገዳውን ቆረጡ፤ በዶማ ሥሩን ነቀሉ። ቀትር ላይ ሥራው ሊያልቅ ተቃርቦ ሳለ ከሠራተኞቹ አንዱ አንድ ቀይ ነገር ከመሬት አነሣ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው? እዚህ ታች ሞልቷል» አለ።

አጥናፌ ተቀብሎ በጥፍሩ ሰነጠቀው። ሽታውን ወዲያው ዐወቀው፤ ሚስቱ ቅቤ ስታነጥር ቤቱን የሚሞላው ሽታ ነው። አቁሙ አላቸው። ተንበርክኮ ደረቁን ቅጠል በእጁ ገለጠ። ፍሬዎቹ በየአገዳው ግርጌ ሦስትም አራትም ሆነው ተደርድረዋል። ገሚሱ በዶማ ተፈልጧል፣ ገሚሱ ገና አረንጓዴ ነው። ሳይነካ የቀረው በዳር በኩል ያለ አንድ መደዳ ብቻ ነበር።

አስካለ እንዳለችው በአራተኛው ቀን ተመለሰች። አጥናፌ ከሰው እንዳትሰማ ብሎ መንገድ ላይ ጠበቃትና ራሱ ነገራት። አብረው ወደ አትክልቱ ሄዱ። አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። ከክምሩ አንድ ሥር አንሥታ አፈሩን አራገፈችው። አጥናፌ ሥሩ እንዳልሞተ፣ እሱ ራሱ መልሶ እንደሚተክለው፣ የሚያፈራውም ሁሉ የእሷ እንደሚሆን እየማለ ነገራት።

«ሥሩስ አልሞተም፣ ጋሼ» አለችው። «ሦስት ዓመቱን ከየት አመጣዋለሁ?»

«ምነው ቀደም ብለሽ ብታሳዪኝ፣ አስካለ?»

«ዛሬ ላሳይዎ ነበር» አለች።

ሁለት ሳምንት ቆይታ ጎጆዋን ዘግታ ወደ ወንድሟ ሄደች። አልመጣም ብላው ወር ሳይሞላ ደጁ ስትቆም ምን እንዳላት አልሰማሁም። መገመት ግን አይከብድም።

አጥናፌ ሥሩን መልሶ ተከለው። ቅጠሉን ሳያስጠርግ፣ የሰው ሳቅ ሳይሰማ ሦስት ዓመት ጠበቀ። አፈራ። የመጀመሪያውን ፍሬ አድርቆ በከረጢት ሞልቶ ከተማ ወረደና የወንድሟን ቤት አፈላልጎ አገኘ። አስካለ የወንድሟን ልጅ እንዳዘለች በሩን ከፈተችለት። በትሕትና ተቀበለችው፤ ስለ ጤናውና ስለ ሚስቱ ጠየቀችው። ከረጢቱን ግን የወንድሟ ሚስት ተቀብላ ወደ ጓዳ አስገባችው። አስካለ አንድ ፍሬ እንኳ አላነሣችም።

ዛሬ በዚያ አገር ባለ አትክልቱ ሁሉ ከማንጎው ሥር ኮረሪማ ይተክላል፤ ዝንጅብልና እርድ የጨመሩም አሉ። ቢተውም ተክሏል። ማንጎው ባረፈበት ዓመት ቤታቸው አይቸገርም። ሰዎች ይህን ያሳየን አጥናፌ ነው እያሉ ያመሰግኑታል። እሱ ግን ያሳየችን አስካለ ናት ይላል። ወጣቶቹ አስካለ ማን እንደሆነች አያውቁም።

አጥናፌ ክፉ ሰው ነበር ብላችሁ እንዳትፈርዱበት እፈራለሁ። መሬቱን አስቀድሞ ምንም ሳይቀበል የሰጠ፣ ሦስት ዓመት የታገሠ ሰው ነው። ያጠረው የመጨረሻዎቹ አራት ቀናት ትዕግሥት ነው። አስካለም ዝምታዋ ጎድቷታል፤ መሬቱን አምኖ ለሰጣት ሰው አንዷን አበባ ገልጣ ብታሳየው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ። ነገር ግን ዝም ያለ ሰው ዝምታውን በአንድ ቃል ያስተካክለዋል፤ የቆረጠ ሰው ግን ምን ያደርጋል?

ስለዚህ ትምህርቱ ይህ ነው። የሰው ልፋት ሁሉ ፍሬውን እኛ በለመድነው ቦታ አያወጣም። የሌላውን ልፋት ከንቱ ነው ከማለታችን በፊት ጎንበስ ብለን እንይ፤ ባለቤቱን እንጠይቅ፤ ሩቅ ከሄደም እስኪመለስ እንቆይ። እስኪ እናንተም አስቡት። ምንም አላፈራም ብላችሁ ልትነቅሉት የተነሣችሁት የማን ልፋት ነው? ያ ሰው የሚመለሰውስ መቼ ነው?