ከምጣዱ አልላቀቅ ያለው ቂጣ

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስምንት፣ ወሩ ሚያዝያ ነበር። የበልጉ ዝናብ ቀርቶ ፀሐይ ብቻ ሆነ።

የጓንጉል ልጅ የውብዳር፣ የያዛት ንዳድ ቢለቃትም እህል አልቀምስም አለች። አባቷ በሶ አመጣላት፤ ፊቷን አዞረች። አጥሚት አመጣላት፤ ፊቷን አዞረች። ዓይኗ ጎድጉዷል።

«ምን ልስጥሽ?»

«የገብስ ቂጣ፣ አባዬ። ስስ።»

እናቷ ለልቅሶ ማዶ አገር ሄዳለች። ጓንጉል ጋግሮ አያውቅም፤ ቢሆንም ሊጥ አቦካ። የምጣዱ ጥቁረት እድፍ መስሎት በአመድ ፈግፍጎ አጠበው፤ ለዓመታት የጠጣውን ቅባት አነሣው። ቂጣው ተጣብቆ ቀረ። ቢፍቀው ፍርፋሪ ሆነ።

ወደ ጎረቤቱ ወደ ዘነቡ ሄደ።

«ምጣዱ ያለ ጎመን ዘር ቂጣ አልለቅም አለ፤ ልጄ ያለ ቂጣ አልበላም አለች። ለማሰሻ ጎመን ዘር ስጪኝ።»

«ምጣድ ይታጠባል እንዴ፣ አያ ጓንጉል? ነገ ደግሞ ከሰል አጥበህ አንጣው!»

ሳቋ ግን ቶሎ ጠፋ። እቅፏ ውስጥ ሕፃኑ ይጮኻል። «ጎመን ዘሩ ጓዳ፣ ቆጥ ላይ ነው። ይህ ልጅ ሳይተኛ ቆጥ አልወጣም።»

የሰው ጓዳ ወንድ አይገባበትምና ጓንጉል ደጃፉ ላይ ቆመ። «ለምን አይተኛም?»

«ጡቴ ደርቋል። ላማችንም ወተት የላትም።»

ወደ በረቱ ዞረ። የዘነቡ አማት አባ ይመር ከላሚቱ ጎን ተቀምጠዋል።

«አባ ይመር፣ ሕፃኑ ያለ ወተት አልተኛም አለ፤ ዘነቡ ሕፃኑ ሳይተኛ ቆጥ አልወጣም አለች፤ ምጣዱ ያለ ጎመን ዘር ቂጣ አልለቅም አለ፤ ልጄ ያለ ቂጣ አልበላም አለች። እባክዎ፣ ላሚቱን ይለቡልኝ።»

ሽማግሌው የላሚቱን የጎድን አጥንት ዳሰሱ።

«ላሚቱም ያለ ሣር ወተት አልሰጥም አለች።»

«ወንዝ ዳር ሣር አለ አይደል?»

«አለ። መግቢያውን በእሾህ ያጠርከው አንተ ነህ።»

«በዚያ የሚያልፍ ከብት ገብሴን እንዳይበላብኝ ነው። ዘንድሮ ያለኝ እሱ ብቻ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ አባ ይመር።

ጓንጉል ወደ አጥሩ ሄደ። አጥሩ ዘንድ እስኪደርስ በልቡ ደጋገመው፤ አጥሩ ላሚቱን አላሳልፍም አለ፤ ላሚቱ ያለ ሣር ወተት አልሰጥም አለች፤ ሕፃኑ ያለ ወተት አልተኛም አለ፤ ዘነቡ ሕፃኑ ሳይተኛ ቆጥ አልወጣም አለች፤ ምጣዱ ያለ ጎመን ዘር ቂጣ አልለቅም አለ፤ ልጄ ያለ ቂጣ አልበላም አለች።

እሾሁን በእጁ ጎተተው። እጁ ደማ።

አጥሩ ተከፈተ፤ ላሚቱ ገብታ ጋጠች፤ ማምሻውን ወተት ሰጠች፤ ሕፃኑ ጠጥቶ ተኛ፤ ዘነቡ ቆጥ ወጥታ ጎመን ዘር አወረደች፤ ምጣዱ ታሰሰና ቂጣውን ለቀቀ።

የውብዳር ቆርሳ አፏ ውስጥ አደረገች።

«ጠርዙ አርሯል፣ አባዬ።»

«ብይ።»

በላች።

ጓንጉል አጥሩን መልሶ ላያጥር፣ ገብሱንም ከእንግዲህ ራሱ ቆሞ ሊጠብቅ ወሰነ። ከዚያ ሁለተኛውን ቂጣ ጋገረ፤ ትኩሱን በሰፌድ ይዞ ወደ አባ ይመር ደጅ ሄደ።