ረጅሙ አሻጋሪ

አንድ ሰው ነበረ። ቆይ፣ ጥያቄሽን አልረሳሁትም፣ ረድኤት ልጄ። «እምዬ፣ ከክፍሌ በሒሳብ የሚቀድመኝ የለም፤ በዲግሪ ተመርቄ ሳለ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለማስተማር ደግሞ ሌላ ዓመት የማስተማር ሙያ ተማሪ የሚሉኝ ለምንድን ነው?» ነው ያልሽኝ። እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሴትዮ ሒሳቡን አላውቅልሽም። ሰውዬውን ግን አውቀዋለሁ።

አንድ ሰው ነበረ፤ ረጅም፣ ቅልጥሙ እንደ ሸንበቆ የተመዘዘ። ወንዝ ዳር ይኖራል። ወንዙ ክረምት ከበጋ ድፍርስ ነው፤ ታቹ አይታይም። ይህ ሰው ግን ከድንጋይ ድንጋይ እየተራመደ፣ ሱሪውን እንኳ በቅጡ ሳያረጥብ ማዶ ይደርስ ነበር። ሰዎቹም «ወንዙን እንደሱ የሚያውቅ የለም» ብለው አሻጋሪ አደረጉት።

ታዲያ ምን ሆነ መሰለሽ? የተከተለው ሁሉ ይወድቃል። የአንዱን ጫማ፣ የሌላዋን እህል ውሃ ወሰደው። እሱ ማዶ ቆሞ «የረገጥኩትን ርገጡ አላልኩም? ምኑ ይከብዳል?» ይላል። ተንኮል የለበትም፤ ለሱ እውነትም አይከብድም። ሰዉ ግን ሸሸው። በላይኛው ድልድይ መዞር ጀመረ፤ በዚያ የዞረ ደግሞ ቀኑ መንገድ ላይ ያልቅበታል።

አንድ ቀን አንዲት አጭር ሴት መጣች። ማዶ ልጇ አራስ ናት፤ ከሷ በቀር የሚንከባከባት የለም። ወዲህ ደግሞ የታመመ ባል አላት። ጠዋት ሄዳ ማታ ካልተመለሰች አንዱን ልትተው ነው። ተከተለችው። መሃል ላይ ቆመች።

«ነይ እንጂ፤ ቀጥሎ ያለውን ርገጪ» አላት።

«ቀጥሎ የሆነው ላንተ ነው። የኔ እግር አይደርስም።»

«ልሸከምሽ?»

«እሺ ተሸከምከኝ። ማታስ? ነገስ? ወይስ ጀርባህን ልከራየው? ይልቅ ንገረኝ፤ በመሃል ምን አለ?»

«በመሃል?»

«አዎ፣ በሁለቱ ድንጋዮች መሃል።»

ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ውሃውን አየ። አያውቅማ። ዕድሜውን ሙሉ ሲሻገረው የኖረ ቦታ ነው፤ አንድም ቀን ረግጦት አያውቅም።

ይሄኔ የያዘውን ዘንግ ለሷ ሰጥቶ ውሃው ውስጥ ተንበረከከ። ውሃው ደረቱ ደረሰ። በጉልበቱ እየዳኸ፣ በእጁ ታቹን እየዳበሰ፣ «ይሄ ምንድን ነው? ይሄስ?» እያለ ሄደ፤ ወንዙን ዛሬ ገና ያየው ይመስል። አንዱ ጋ የሚያንሸራትት ድንጋይ አገኘ። «ለካ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው» አለ። አንዱ ጋ ምንም የለም፤ ከዳር ድንጋይ አንከባሎ አስቀመጠበት።

ሴትዮዋ እግሯን አሳረፈችበትና «ትንሽ ይነቃነቃል» አለችው። እንደገና ተንበረከከ።

ማታ ብቻዋን ተሻግራ ተመለሰች።

አየሽ ልጄ፣ ያ ረጅም ሰው አንቺ ነሽ። ትናንት የጎረቤታችንን ልጅ ስታስጠኚ ሰምቼሻለሁ። «ይሄ ከየት መጣ?» ብትልሽ «ግልጽ እኮ ነው» አልሻት። ቁጥሩ አልገባኝም፤ ፊቷ ግን ገባኝ። ወንዝ መሃል ቆማ ነበር። ወንዙንማ ታውቂዋለሽ፣ ማን ይወስድብሻል? ዓመቱን የሚሰጡሽ ተንበርክከሽ እንድትዳብሺው ነው። «ግልጽ ነው» የምትይበት ቦታ ሁሉ ረግጠሽው የማታውቂው ነው።

አሁን ተነሺ። ልጅቷን ጥሪያትና የቱ ጋ እንደቆመች ጠይቂያት።