አሥራ ሁለተኛዋ መቀመጫ

በአንድ ወቅት፣ የእኔ አያት ገና በእናቷ ጀርባ ታዝላ በነበረችበት ወቅት፣ ወይራ ሜዳ በምትባል አጥቢያ አንድ የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ነበረ። ማኅበርተኞቹ እንደ ሐዋርያት አሥራ ሁለት ናቸው፤ አሥራ ሦስተኛ አይገባም። አንዱ ሲሞት ልጁ ይተካል። ግን ሟቹ በሕይወት ሳለ ልጁን በማኅበሩ ሙሴ ፊት እጁን ይዞ «ይኸው» ማለት አለበት። ሙሴ ማለት የማኅበሩ መሪ ነው፤ ያን ጊዜ አያ ቢሻው ነበሩ።

እመት ሽታዬ ታመሙና «ቢሻው ይምጣልኝ፣ የምተካውን ላሳየው» ብለው ላኩባቸው። አያ ቢሻው አውድማ ላይ ነበሩ። «ነፋሱ ሳለ እህሌን ላዝራ፤ ነገ እሄዳለሁ» አሉ። አይ ሰው! ነገን በኪሱ የያዘ ይመስለዋል። ሲነጋ እመት ሽታዬ የሉም።

ወሩ በገባ በዐሥራ ስድስት ማኅበሩ ተሰበሰበ። ቀጣዩን ወር የመደገሱ ተራ የሟቿ ነበር፤ ባለ ተራው የማኅበሩን ማሰሮ ከሙሴው እጅ ይቀበላል። ጠላ የተሞላውን ማሰሮ ተሸክሞ ቤቱ የሚገባ ሰው ካልተገኘ መቀመጫቸው ለሌላ ቤት ይሰጣል፤ ስማቸውም ከማኅበሩ ጸሎት ይወጣል። አያ ቢሻው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ያውቁታላ!

መጀመሪያ የእመት ሽታዬ የሆድ ልጅ ደምለው ተነሣ። ዘጠኝ ዓመት ቆላ ወርዶ ሲነግድ ኖሯል። ግን ዐሥራ ስድስት በመጣ ቁጥር በእናቱ ስም ዳቦ ቆርሶ ለነዳያን ይሰጥ እንደነበር አብረውት የነገዱ መስክረዋል። ሰባት ቤት ቆጠረ፤ አንድም አልሳተ።

«ይህን ማኅበር የመሠረተው የእናቴ ቅድመ አያት ነው። ደሜን እንዴት ልተው?»

ከማኅበርተኞቹ አንዷ፣ ምላሰኛዋ እመት ላቀች፣ «ቆጠራውንስ አሳመርከው! እናትህ ሌሊቱን ስታስል ማን ጀርባዋን አሻት?» አሉት።

«እኔ አልነበርኩም» አለ። አልዋሸም፣ እግዜር ይስጠው።

ያሸችው ትርንጎ ነበረች። እናቷ ከሩቅ አገር የመጣች ሸክላ ሠሪ ናት። በሰማንያ ቀኗ ለክርስትና ስትቀርብ ሰው ሁሉ ተጠይፎ የሚያነሣት ጠፋ። እመት ሽታዬ ናቸው ሰውን ገፍተው ገብተው የታቀፏት። አድጋ ሦስት ዓመት አስታመመቻቸው። ተራቸው ሲደርስ ጠላውን የምትጠምቅ እሷ፣ ሰው ሲጠጣ ደጅ የምትቆመውም እሷ።

«አያ ቢሻው፣ እኔ ዘሬን የምቆጥረው ከጥምቀቱ ውኃ ወዲህ ነው። ከዚያ ታቅፋ ያወጣችኝ እሷ ናት» አለች። ቀጥላ ወደ ማሰሮው እያየች «ለመሆኑ ይቺን ማሰሮ ማን የሠራት ይመስላችኋል?» ስትል ጠየቀች።

እመት ላቀች እንኳ ዋንጫቸውን አስቀመጡ።

ሦስተኛው ቸኮል ነው። ይኸ ሰው በወሰን ጠብ የእመት ሽታዬን ታናሽ ልጅ ይግዛውን ገድሏል። ገድሎም አልሸሸ፤ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ደጃቸው ላይ ተንበረከከ። እመት ሽታዬ ሦስት ቀን ዝም አሉት። በአራተኛው ቀን ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱለት፤ ካህን ባለበት አውራ ጣታቸውን በማር ነክረው እንደ ጡት አጠቡት፤ የጡት ልጃቸው አደረጉት። ዐሥር ዓመት ሙሉ አረሰላቸው፤ ከመከሩ አንድ ቁና ወደ ቤቱ አላገባም።

«እኔ የምቆጥረው የለኝም» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ። «ማኅበራችሁ የኪዳነ ምሕረት አይደል? እኔን የወለደችኝ ያቺው ምሕረት ናት።»

አያ ቢሻው ወደ ደምለው ዞሩ። የሟቹ የይግዛው ወንድም ነዋ!

«እውነቱን ነው» አለ ደምለው። «ወንድሜን ገደለ፤ ወንድሜም ሆነ። መቀመጫዋን ግን አለቅለትም።»

«እኔም» አለች ትርንጎ።

አያ ቢሻው ማሰሮውን አነሡ። ያን ቀን ነፋሱን ትተው ሄደው ቢሆን ኖሮ! ሦስቱ ልጆች ነጠላቸውን አጣፍተው ጎን ለጎን ቆሙ፤ ስድስት እጅ ተዘረጋ። ማሰሮው ከባድ ነው፣ አያ ቢሻውም ሽማግሌ ናቸው፤ ይዘውት አይመሹም።

በሉ ልጆቼ፣ ሳትጯጯሁ ንገሩኝ፦ በእመት ሽታዬ መቀመጫ መቀመጥ የሚገባው የደማቸው ነው፣ የውኃው ናት፣ ወይስ የምሕረታቸው?