በአንገት የተንጠለጠለው ቁልፍ

እኛ ሕንፃ ላይ አንድ ሰው ስለ በሩ ጥንካሬ ወይም ስለ ዘበኛው ንቃት መኩራራት ሲጀምር፣ ከጎኑ ያለው ፈገግ ይልና አንዲት አጭር አባባል ጣል ያደርጋል። ነባሮቹ ይስቃሉ፣ አዲስ ተከራይ ግራ ይገባዋል። አባባሏ ያለ ምክንያት አልመጣችም። ለሚጠይቀኝ ሁሉ መነሻዋን እነግረዋለሁ፤ አልሰለቸኝም።

መገናኛ አካባቢ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በአንድ ሰፊ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ጠረጴዛ ተከራይተን እንሠራለን። አንዱ ሒሳብ ይሠራል፣ አንዱ ይተረጉማል፣ አንዷ የሕንፃ ንድፍ ታወጣለች። ክፍሉን የሚያስተዳድረው አቶ ዳምጠው ይባላል። አንድ ጊዜ ላፕቶፕ ከጠፋ ወዲህ ይህ ሰው ጄኔራል ሆነብን። የብረት ገመድ ገዛና ላፕቶፖቻችንን በሙሉ ከየጠረጴዛው ጋር አሰረ። ቁልፉ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አቶ ዳምጠው አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። የገዛ ዕቃውን ይዞ መውጣት የፈለገ ሰው ሄዶ ይለምነዋል፣ እሱም ቁልፉን እያሻሸ ያስጠብቀዋል።

ጫማው አቧራ የጠጣ እንግዳ ከመጣማ ጉዱ ይፈላል። ንድፍ የምታወጣው ረድኤት አባቷ ከደብረ ሲና ሊጠይቋት ቢመጡ፣ ጋቢያቸውን አይቶ ደረጃው ላይ አቆማቸውና መታወቂያ ጠየቃቸው። በኋላም "ጥንቃቄ ነው" አለ እንጂ ይቅርታ አልጠየቀም።

ረድኤት በዚያ ሰሞን ለአንድ ትምህርት ቤት ግንባታ ጨረታ ስትሠራ ነበር የከረመችው። ክረምቱን ሙሉ የለፋችበት ሁሉ ላፕቶፑ ውስጥ ነው። የማስገቢያው ቀን የደረሰ ዕለት፣ አስር ሰዓት ላይ ሊዘጋ፣ ምሳ ልንወጣ ስንል ወደ አቶ ዳምጠው ሄደች።

"ጋሽ ዳምጠው፣ ዛሬ እንኳ ይዤው ልውጣ። ይክፈቱልኝ።"

"ምግብ ቤት ወስደሽ ልታሰርቂው ነው? እዚሁ ታስሮ ይቀመጥ።"

"ሥራዬ ያለው እሱ ላይ ብቻ እኮ ነው። ሌላ ቦታ አላስቀመጥኩትም።"

"ቁልፉ ከኔ አንገት አይወርድም። በይ ሂጂ፣ ምሳሽን ብዪ።"

ከእኔ ጋር ወጣች። ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገሩን ጥጉ ላይ የሚቀመጡት አዛውንቱ ተርጓሚ ጋሽ አሰግድ ናቸው።

እኛ እንደወጣን ግራጫ ኮት የለበሰ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ገባ። "እሺ ክቡርነትዎ፣ አሁኑኑ ይዤው እመጣለሁ" ይላል። አቶ ዳምጠው ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሳ።

"ይግቡ ጌታዬ፣ ይግቡ። ምን ልታዘዝ?"

ሰውየው ስልኩን ሳያወርድ በአገጩ ወደ ጠረጴዛዎቹ አመለከተ። "የዚያች ልጅ ላፕቶፕ ይፈለጋል። ስብሰባ ላይ እየጠበቁኝ ነው።"

"የረድኤት?"

"አዎ፣ የረድኤት። ቶሎ በል እንጂ።"

ስሟን እንኳ ያቀበለው ራሱ አቶ ዳምጠው ነው። ጋሽ አሰግድ መነጽራቸውን አውልቀው "ለመሆኑ ማን ናቸው?" ቢሉት፣ "ቀስ ይበሉ ጋሼ፣ ትልቅ ሰው ስም ይጠየቃል እንዴ?" ብሎ በሹክሹክታ ተቆጣቸው። አባትን ደረጃ ላይ አቁሞ መታወቂያ የጠየቀ አፍ፣ ኮት ሲያይ ተለጎመ። ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ ገመዱን ፈታ። ላፕቶፑን በእጅጌው ወልውሎ በሁለት እጁ አቀረበ፣ እስከ ሊፍቱም ሸኘ። ይህም አልበቃው። ቻርጀሩ ጠረጴዛው ላይ መቅረቱን ሲያይ አራቱን ፎቅ በደረጃ ሮጦ ወርዶ፣ ሰውየው ታክሲ ውስጥ ሊገባ ሲል ደረሰበት። ሌባው "ተባረክ" አለው። ምርቃቱን ይዞ እያለከለከ ተመለሰ።

ስንመለስ የረድኤት ጠረጴዛ ላይ ገመዱ ብቻ ተጋድሟል።

"የላክሽው ሰውዬ ወሰደው" አለ አቶ ዳምጠው፣ አሁንም ፊቱ በኩራት እንደበራ። "ቻርጀሩንም ሮጬ ሰጥቼልሻለሁ።"

"እኔ ማንንም አልላክሁም።"

ሮጠን ወረድን፤ ታክሲው የት ይገኛል? ፖሊስ ጣቢያ ሄደን አመለከትን። አስር ሰዓት ሲሆን ረድኤት ባዶው ጠረጴዛ ፊት ተቀምጣ መዳፎቿን ታያለች። ከዚህ ሁሉ በኋላ ያ ሰው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ገመዱን አንስቶ በየተራ ያሳየን ጀመር።

"ግን እዩት፣ አልተበጠሰም። ቁልፉም ደህና ነው። ማንም አልሰበረውም።"

ጋሽ አሰግድ አንገቱ ላይ ተመልሶ የተንጠለጠለውን ቁልፍ ጥቂት አዩት።

"ምን ያሰብረዋል፣ ዳምጠው" አሉት፤ "የሞኝ ቁልፍ በኮት ይከፈታል።"